ኦርጋኑ መቼ ይከፈት? ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስለሚዘመረው ለአንዲት የሐዋሳ ኳየር መሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሐዋሳ በአንዲት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የኳየር መሪ ነኝ። 22 ነን፤ ወንዶቹ 5 ብቻ ናቸው። በቅርቡ ሁለት ረድፍ ቁልፍና የእግር መርገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን በስጦታ አገኘን፤ እስካሁን የምንዘምረው በኪቦርድ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ሌሊቱን ሙሉ ዘምረን ጠዋት ድምፃችን ተዘጋ፤ በሚቀጥሉት እሑዶችም ምንም የተለየ ነገር አልነበረንም። ለ2019 ትንሣኤ ምን እናዘጋጅ? ኦርጋኑስ ከእኛ መዝሙር ጋር እንዴት ይስማማል? አንዳንድ ሽማግሌዎች ‹የባዕድ ይመስላል› ብለው ቅር ብሏቸዋል።»

እኅቴ፣ የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፤ እኔ ግን ያልጠየቁኝን አራተኛ ማስቀደም ግድ ይለኛል። ኦርጋኑ ምን ይጫወት ከማለታችን በፊት መቼ ዝም ይበል እንበል። ኳየር ሳሠለጥንና ቁልፍ ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት በፋሲካ የመዝሙር እጥረት የገጠመው ኅብረት አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው። ጾሙ ከገባ እስከ ስቅለት ያው ኪቦርድ፣ በያው ድምፅ፣ በያው ከፍታ ሲጮህ ይከርማል። የትንሣኤ ጠዋት ሲደርስ የሚጨመር ነገር ይጠፋል፤ የቀረው አማራጭ ማጉያውን ከፍ ማድረግ ብቻ ይሆናል።

እኔ ያደግሁት በወንጌል አማኞች መዘምራን መካከል ነው። የትንሣኤን ድምፅ የተማርሁት ግን ከአጥር ማዶ ነው። ጎረቤታችን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ ጾመ ድጓውን (የጾሙን ዜማ) በመቋሚያ እየዘመሙ ብቻ ሲያዜሙ እሰማ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ሌሊት ከበሮው ይመታል፤ ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበላል። እኔም ከእንቅልፌ ብድግ እል ነበር። ከበሮው ያው የጥምቀቱ ከበሮ ነው፤ ቆዳው አልተለወጠ፣ የመቺው ክንድ አልበረታ። ሁለት ወር ያህል ስላልሰማሁት ብቻ ደረቴ ውስጥ የተመታ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ጥበብ የምሥራቅም የምዕራብም አብያተ ክርስቲያናት ያውቁታል። በሮማው ሥርዓት ከጸሎተ ሐሙስ ምሽት «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም» ከተዘመረ በኋላ ያው መዝሙር ቅዳሜ ሌሊት እንደገና እስኪነሣ ድረስ ኦርጋን ዝማሬን ለመደገፍ ካልሆነ በቀር አይነካም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. ከ1723 ጀምሮ ባገለገለባት በላይፕዚግ ከተማ በጾሙ ሳምንታት በመሣሪያ የታጀበ የእሑድ ካንታታ (ለአምልኮ የተደረሰ ረዘም ያለ የዝማሬ ሥራ) አይቀርብም ነበር። በዓለም የታወቁት የትንሣኤ ሥራዎቹ የተሰሙት ከዚያ ጸጥታ ወጥተው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ምንም ወጪ የለውም። የ2019 ሆሣዕና ሚያዝያ 17 ነው። ከዚያ ቀን አገልግሎት በኋላ የኦርጋኑን ክዳን ዝጉና ጨርቅ አልብሱት። በሰሞነ ሕማማት የምትዘምሩትን ሁሉ በባዶ ድምፅ ዘምሩ። ስቅለት ዕለት አንድ ሰው ብቻ ቢያወጣና ሌላው በለሆሳስ ቢቀበል ይበቃል። ሚያዝያ 24 ጠዋት የመጀመሪያው የኦርጋን ድምፅ የሚሰማው መጋቢው «ተነሥቶአል» ብሎ ካበሠረ በኋላ ይሁን፤ ሕዝቡ ወደ አዳራሹ ሲገባ ቀስ ብሎ የሚሰማ ማጀቢያ ካለ ግን ሳምንቱን ሙሉ የተጠበቀው ነገር በከንቱ ይባክናል። ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሲበላሽ ያየሁት እዚህ ላይ ነውና።

አሁን ወደ መሣሪያው። በአገራችን «ኦርጋን» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርድን ማለታችን ነው፤ እናንተም ከኪቦርዱ ወደ ኦርጋኑ ስትሸጋገሩ ትልቅ ኪቦርድ ያገኛችሁ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ልዩነቱ ግን ከሥር ነው። የክራርን ጅማት ወይም የፒያኖን ቁልፍ ብትመቱ ድምፁ እየሳሳ ይሞታል። የኦርጋን ድምፅ ጣት እስካልተነሣ ድረስ አይሞትም፤ ሲጀምር የነበረውን ያህል ሆኖ ይዘልቃል። ስለዚህ በኦርጋን ላይ ጸጥታን የሚሠራው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ከኪቦርድ የመጣ ልጅ መጀመሪያ መማር ያለበት ጣት ማንሣትን ነው። በዜማው ውስጥ አንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በመካከሉ ጣቱን ካላነሣ አንድ ረጅም ድምፅ ሆኖ ይቀራል፤ ሕዝቡም ቃሉ የቱ ላይ እንደሚጀመር ይጠፋበታል። እኔ ተማሪዎቼን የመዝሙሩን ግጥም በአፋቸው እያሉ እንዲጫወቱ አደርጋለሁ። ስንኙ አልቆ ዘማሪው ሲተነፍስ የእነርሱም እጅ ይነሣል። ኦርጋን ሳንባው አያልቅም፤ የሰው ሳንባ ግን ያልቃል፤ የሕዝቡ ትንፋሽ ያለው በተጫዋቹ እጅ ነው።

በድምፅ መምረጫዎቹ ላይ 16፣ 8፣ 4 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ቁጥሮቹ የጥንቱ ቱቦ ኦርጋን የረጅሙ ቱቦ ቁመት በጫማ ሲለካ ነው። 8 የሰው ድምፅ የሚዘምርበት እርከን ነው፤ 4 ከዚያ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ይወጣል፤ 16 አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ኳየሩ ብቻውን ሲዘምር 8 ጫማ ፍሉት የሚባለው ለስላሳ፣ ዋሽንት መሰል ድምፅ ይበቃል። ሕዝቡ ሲነሣ ፕሪንሲፓል የተባለውን የኦርጋኑን ዋና ድምፅ 8ና 4 አንድ ላይ ክፈቱ፤ የእግሩን 16 ያን ጊዜ ጨምሩ። ትራምፔት የሚል መምረጫ ካለው ለትንሣኤ ጠዋት ለመጨረሻው አዝማች አስቀምጡት። የሚያንቀጠቅጠውን ትሬሞሎ ደግሞ አጥፉት። ሕዝብን የሚመራ ድምፅ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ሽማግሌዎቹ ያሉት እውነት ነው። እባክዎ ቅር አይበልዎ፤ ጆሯቸው የነገራቸውን ነው የተናገሩት፤ ምክንያቱንም በቁልፎቹ ላይ ላሳይዎ እችላለሁ። ከመዝሙሮቻችን ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠሩ ናቸው። ከኖታ መጻሕፍት የምንማረው የአኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አሠራር ደግሞ ለሰባት ድምፅ የተሠራ ነው። በትዝታ ሜጀር የተዘመረ መዝሙር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይዟል። ተጫዋቹ በልማድ በሶል ላይ ሙሉ አኮርድ ሲመታ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ይላል፤ ሰባተኛ ሲጨምርበት ፋም ይገባል። ሲና ፋ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ናቸው! ዘማሪዋ በአንድ ቤት፣ ኦርጋኑ በሌላ ቤት ይሆናሉ። በኪቦርድ ሲሆን ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ ብዙም አይታወቅም ነበር፤ ኦርጋን ግን ያዝ አድርጎ ስለሚያቆየው ስሕተቱ ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል።

መፍትሔው በራሱ በቅኝቱ ውስጥ ካሉት ድምፆች ብቻ መደገፍ ነው። በትዝታ ሜጀር ውስጥ አራት ንጹሕ አምስተኛዎች (እንደ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሲቆጠር አምስተኛው ላይ የሚውሉ ጥንዶች) ይገኛሉ፦ ዶና ሶል፣ ሶልና ሬ፣ ሬና ላ፣ ላና ሚ። ተጫዋቹ በግራ እጁ እነዚህን ጥንዶች ብቻ ይያዝ፤ መካከላቸውን አይሙላው። ባዶ አምስተኛ ለጆሮ ቀዝቃዛ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ በፒያኖ ምናልባት እውነት ነው፤ በኦርጋን ላይ ግን እንደ ወለል ሰፊ ሆኖ ዜማውን ይሸከማል። በባቲ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ዶና ሶል፣ ሚና ሲ፣ ፋና ዶ አሉላችሁ። በአምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) ዶና ሶል፣ ሬ ፍላትና ላ ፍላት፣ ፋና ዶ ይሠራሉ።

አንቺሆዬን ለብቻው ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ የወደቅሁበት ነውና። ወጣት ሳለሁ አንድ የሆሣዕና መዝሙር እንዳጅብ ተሰጠኝ፤ ዜማው አንቺሆዬ ነበር። እንደ ወትሮው በግራ እጄ ዶና ሶልን ይዤ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት አረጋዊት እናት ዜማቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። ከአገልግሎት በኋላ ጠርተውኝ «ልጄ፣ መዝሙሩ እኮ አሞት ነበር» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ድምፆቹን አንድ በአንድ ስጽፍ ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በዚህ ቅኝት ውስጥ ሶል የለም፤ ያለው ሶል ፍላት ነው። እኔ የያዝሁት ሶልና እርሳቸው የሚዘምሩት ሶል ፍላት በግማሽ ድምፅ ርቀት ሲፋጩ ነበር ያረፈዱት። በአንቺሆዬ ያሉት ንጹሕ አምስተኛዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ፋና ዶ፣ ሶል ፍላትና ሬ ፍላት። ስለዚህ በእግር መርገጫው ፋን፣ በግራ እጅ ከበላዩ ዶን ይዞ መቆየት ነው። ዶ ከላይ ሆኖ ሲቀመጥ ዜማው በሩ እንደ ተከፈተለት ቤት ይሆናል። ከዚያ ዓመት ወዲህ ማንኛውንም መዝሙር ከመንካቴ በፊት አምስቱን ድምፆች በወረቀት እጽፋለሁ።

ኳየሩን በሚመለከትም ያው ሐሳብ ይሠራል። ሴቶቹ ዜማውን ሲይዙ አልቶዎቹ (ዝቅ ያለ ድምፅ ያላቸው ሴቶች) ከሥር በሦስተኛ እየተከተሉ እንዲሄዱ ማድረግ የተለመደ ነው፤ በአምስት ድምፅ ቅኝት ግን ያ ሦስተኛ ብዙ ጊዜ ከቅኝቱ ይወጣል። ከዚያ ይልቅ አባቶቻችን የሠሩበትን አውጪና ተቀባይ ተጠቀሙ። አምስቱ ወንዶች ለአራት ክፍል ኳየር አይበቁም፤ ለአውጪነት ግን ከበቂ በላይ ናቸው። እነርሱ በአንድነት ስንኙን ያውጡ፤ 17ቱ ሴቶች ይቀበሉ፤ በሦስተኛው ዙር ሕዝቡ ይግባ። አውጪዎቹ ሲያወጡ ኦርጋኑ ዝም ይበል፤ ተቀባዮቹ ሲገቡ አምስተኛውን ይያዝ። ከበሮውን ለሰው እጅ ስጡ። በኪቦርዱ ውስጥ ያለው ራሱን በራሱ የሚመታ ምት ቢያንስ በፋሲካ ይረፍ፤ ሕዝብ በደስታ ፈጠን ሲል አብሮ አይፈጥንም፣ ሲያዘግምም አይጠብቅም።

የውጭውን ሥራ ምን እናድርገው? ብዙ ኳየሮቻችን የሙዚቃ ደራሲውን የጆርጅ ፍሬድሪክ ሀንደልን «ሃሌሉያ» ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው፤ ሥራውም በቦታው ሲሰማ የትንሣኤ ነው። ሀንደል «ሃሌሉያ» የሚገኝበትን «መሢሕ» የተባለውን ትልቅ የዝማሬ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1741 በ24 ቀናት ጽፎ ጨረሰው፤ መጀመሪያ የቀረበውም በ1742 ሚያዝያ ወር በደብሊን ነው። «ሃሌሉያ» ሕማማትን፣ ትንሣኤንና ዕርገትን የሚተርከው የሁለተኛው ክፍል መደምደሚያ ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ ለገና ይዘመራል። ለእናንተ ኳየር ግን ዘንድሮ አይሆንም፤ በአምስት ወንዶች ቴነሩና ባሱ (ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው የወንድ ድምፅ) ሲከፋፈል ሁለቱም ይሳሳሉ፣ ሶፕራኖዎቹም (ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸው ሴቶች) ከፍታው ላይ ይጮኻሉ። ከዚያው ሥራ የሦስተኛው ክፍል መክፈቻ የሆነውን «የሚቤዠኝ ሕያው እንደ ሆነ አውቃለሁ» የሚለውን የኢዮብ ቃል የያዘውን የአንዲት ሶፕራኖ ዜማ ግን ጥሩ ድምፅ ያላት እኅት ካለች፣ ኦርጋኑ በፍሉት ብቻ አጅቧት፣ ማቅረብ ይቻላል። ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ወደ ልብ ይገባል ባይ ነኝ።

ለኦርጋኑ ብቻ ደግሞ አንድ ዜማ ላመልክትዎ። «ክርስቶስ ተነሥቶአል» የሚለው የጀርመኖች የትንሣኤ መዝሙር ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲዘመር የኖረ ነው፤ ሕዝቡ ራሱ በገዛ ቋንቋው ይዘምረው ነበር። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1524 ባወጣው የትንሣኤ መዝሙር የተንተራሰው በእርሱ ላይ ነው፤ ባኽም ለሁለቱም ዜማዎች የኦርጋን ቅንብር ሠርቷል። የባኽ ቅንብሮች እግርን እንደ ሦስተኛ እጅ ይፈልጋሉ፤ ለጀማሪ አይሰጡም። ራሱን ዜማውን ግን ተጫዋችዎ በአንድ እጅ፣ ያለ ምንም አኮርድ፣ ከታች አንድ ድምፅ ብቻ በእግሩ ይዞ ሊጫወተው ይችላል። እንደ እኛ የጥንት ዜማ በጠባብ ርቀት የሚራመድ፣ ጥንካሬው ከብቸኝነቱ የሆነ ዜማ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲሰሙት «ይህስ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል እንጂ የባዕድ ነው የሚሉ አይመስለኝም።

የውጭ መዝሙር ወደ አማርኛ ከመለሳችሁ ቃሉ የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን ጠብቁ። ይህ በትርጉም መዝሙሮቻችን ላይ ያለ ትልቅ ቁስል ነው፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ማነሱም ያሳዝነኛል። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር የልደት በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። ዜማው ለሚጠብቀው ፊደል ጊዜ ካልሰጠው ሰሚው ሌላ ቃል ይሰማል። «ተነሣ» በሚለው ቃል የሚጠብቀው ሣ ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ በፊት ያለው ነ የሚያርፍበት ኖታ ረዘም ማለት አለበት፤ ሣን ረገጥ አድርጎ ለማጥበቅ ፋታ እንዲኖር። «ተ» ላይ ረጅም ኖታ ጥሎ «ነሣ»ን በአንድ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ቅንብር ካጋጠማችሁ ኖታዎቹን አሸጋሽጉ። ለፈረንጅ ዜማ ብሎ የትንሣኤን ቃል መስበር አይገባም።

አሁን ስለ ድካማችሁ። ድምፃችሁ የተዘጋው 50 ቀን የሚፈጀውን በዓል በአንድ ሌሊት ልትጨርሱት ስለሞከራችሁ ነው። የ2019 ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ዕርገት ሐሙስ ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ እሑድ ሰኔ 13 ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስምንት እሑዶች አሉ። የትንሣኤ ጠዋት ሁላችሁም ዘምሩ፤ ግን አራት መዝሙር ይበቃል፤ የቀረውን ሕዝቡ ይዘምር። የሚቀጥለው እሑድ ዳግም ትንሣኤ ነው፤ ወንጌሉ ስለ ቶማስ ነው። ያን ቀን ኳየሩ በሕዝቡ መካከል ተበታትኖ ይቀመጥ፤ የኳየር ልብስም አይልበስ። የተጠራጠረ ሰው የሚሰማው ከመድረክ ከሚመጣ ድምፅ ይልቅ ከጎኑ ያለውን ነው። እናንተም ታርፋላችሁ፣ ሕዝቡም መዝሙሩን ከእናንተ አፍ ይማራል።

ሦስተኛውን እሑድ ለዮሐንስ ወንጌል 21ኛ ምዕራፍ ስጡት። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠምዱ አድረው ምንም አልያዙም፤ ሲነጋ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ቆሟል፤ ዓሣና እንጀራ በፍም ላይ ተቀምጧል። በሐዋሳ ለሚኖር ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በማለዳ አሞራ ገደል ወርዶ ጀልባዎቹ ሲመለሱ አይቷል፣ የሐይቁንም ሽታ ያውቀዋል። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ልጆች ይዘምሩት፤ ኦርጋኑ በ4 ጫማ ፍሉት ብቻ፣ እንደ ዋሽንት፣ ከእነርሱ ድምፅ ለስለስ ብሎ ይሰማ። አራተኛው እሑድ የኤማሁስ መንገደኞች ነው፤ «ከእኛ ጋር እደር» የሚለው ቃል የምሽት ነውና ዝግ ባለ ትዝታ የተሠራ መዝሙር ቢኖራችሁ ይመቸዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት እሑዶች ኳየሩን ለሁለት ከፍላችሁ ተራ ግቡ፤ 11 ሰው ለአንድ ድምፅ ዝማሬ ሙሉ ነው። ዕርገት የሥራ ቀን ስለሚሆን ምሽት ላይ አጭር ዝማሬ ከቻላችሁ ጥሩ፤ ካልቻላችሁ ግድ የለም።

ኃይላችሁን ለጰራቅሊጦስ አስቀሩ። በሐዋርያት ሥራ 2 እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ ይላል፤ በሐዋሳ ደግሞ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አማርኛም፣ ሲዳምኛም፣ ወላይትኛም የሚዘምር ሰው ተቀምጧል። በሦስቱም ቋንቋ የሚታወቅ አንድ የምስጋና አዝማች ምረጡ። ተጫዋቹ በእግሩ አንድ ድምፅ፣ በግራ እጁ አምስተኛውን ይያዝና አይነቃነቅ። በአማርኛ ይጀመር፤ ሳይቋረጥ ሲዳምኛው ይግባ፤ ቀጥሎ ወላይትኛው፤ መጨረሻ ላይ ሦስቱም አንድ ላይ። አንድ የማይንቀሳቀስ ድምፅ ከታች ካለ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ቢለያይም አይበተንም። ኦርጋን ከሌላ መሣሪያ ሁሉ አብልጦ የሚችለው ይህን ነው፤ ስጦታው ለእናንተ የደረሰው ለዚህ ቀን ይመስለኛል። ሰኔ የዝናብ ወር መሆኑን ግን አስቡበት። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ፍሉቱም የልጆች ድምፅም አይሰማም፤ ለዚያ ቀን ፕሪንሲፓሉንና 16ቱን አዘጋጁ።

ስለ ማጉያው አቀማመጥ በአጭሩ። የኦርጋኑ ድምፅ ማጉያ ከኳየሩ አጠገብ ይሁን። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ ኳየሩ ከኋላ፣ ማጉያው 34 ሜትር ርቆ ከፊት ቢሆን የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ይዘገያል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መዝሙር እየተጎተተ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መሪዋ እጇን ብታወዛውዝም አይድንም። የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የሚቆጣጠር ስታብላይዘር ግዙለት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም የምትዘምሩትን ሁሉ ያለ ኦርጋን ጭምር ተለማመዱት፤ መብራት ሲጠፋ ኳየሩ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ሕዝቡ መጥፋቱን እንኳ ላያስተውል ይችላል።

ድምፅን ስለ መጠበቅም አንድ ነገር። በሌሊትና በማለዳ የሰው ድምፅ ከቀኑ ዝቅ ይላል። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ የተመቸው ከፍታ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ያንቃል። ስለዚህ ለትንሣኤ ጠዋት የመረጣችኋቸውን መዝሙሮች በግማሽ ወይም በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ኦርጋኑ የድምፅ ከፍታ ማሸጋገሪያ ካለው በአንድ ቁልፍ ይሠራል። ቢያንስ አንድ ልምምድም በዚያው በማለዳ ሰዓት አድርጉ። ሌሊቱን ሁሉ መቆየት ካለባችሁ 11 ሰው እስከ እኩለ ሌሊት፣ 11 ሰው ከዚያ በኋላ ይዘምር፤ በዕረፍት ላይ ያሉት ውኃ ይጠጡ፣ ጮክ ብለው አያውሩ።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግዎም። በመጪው የልምምድ ቀን ኦርጋኑን ሳይከፍቱ፣ ከምትወዷቸው የትንሣኤ መዝሙሮች አሥሩን በባዶ ድምፅ ዘምሩ፤ የእያንዳንዱን አምስት ድምፆች ተጫዋቹ በዶ፣ ሬ፣ ሚ ይጻፍ። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል የሆኑትን በአንድ ወረቀት፣ አንቺሆዬ የሆኑትን ለብቻ በሌላ ወረቀት ያስቀምጡና ይላኩልኝ። ለአንቺሆዬዎቹ የግራ እጁን እኔ ጽፌ እመልስልዎታለሁ።